የሸንበቆ ዳር ትክክለኛ ቁጥር

ሀብተ ሥላሴ በቁጥር የሚያምን ሰው ነበር። ሰው በምን ማመን እንዳለበት በየሳምንቱ በስብሰባ ይነገረው በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ማንም ሳያዝዘው በቁጥር ማመኑ ትንሽ ድፍረት ነበረበት። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሮ፣ በሰባ አምስት ዓ.ም. ባሕር ዳር ተመደበ። ግሽ አባይ በሚባለው የከተማው ሰፈር ቀበሌው አንዲት ክፍል ሰጠው። ሥራው የዕቅድና የመረጃ ማስተባበሪያ በሚባል ጽሕፈት ቤት ነበር።

“መረጃ” የሚለው ቃል ሰው ጆሮ ሲገባ ሌላ ነገር እንደሚሆን ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ካሉት ጎረቤቶች ጋር ሲተዋወቅ “መረጃ ላይ ነው የምሠራው” ብሎ በቅንነት ነገራቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት የሚያማርር ጠፋ። ስኳር በሽበሽ ሆነ፣ ሳሙና ተረፈ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም በአንድ ጊዜ የሁሉም ወዳጅ ሆነ። ሀብተ ሥላሴ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ የባሕር ዳር ሰው ሲበዛ ደስተኛ ነው አለ።

አለቃው ጓድ አለበል ይባላል። ጓድ አለበልም ቁጥር ይወዳል፤ የሚወደው ግን ከፍ ሲል ብቻ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰንጠረዥ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ ቀስት ነበረበት። ቀስቱ ቀድሞ ተስሏል፤ ቁጥሩ ሲገኝ ከጎኑ ይጻፋል። ሀብተ ሥላሴ አንድ ቀን ቁጥሩ ቢወርድስ ብሎ ጠይቆት ነበር። ጓድ አለበል እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማረ ሰው አልጠበቅሁም ብሎ አዘነበት።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለጣና ዳር ሕዝብ አንዲት የሕክምና ጀልባ እንደተመደበች ተነገረ። ሞተር አላት፣ አልጋ አላት፣ ጎኗ ላይም ቀይ መስቀል ተስሎባታል። ጓድ አለበል በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ጀልባዋ የምትቆመው አንድ ባለሥልጣን ደስ ባለው ቦታ ሳይሆን ችግሩ የባሰበት ቦታ በጥናት ተለይቶ ነው፣ ጥናቱንም የሚያካሂደው ሀብተ ሥላሴ ነው አለ። ሀብተ ሥላሴ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። መንግሥት አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ሲጠይቅ ያየው በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ስንት እናቶች ይወልዳሉ፣ ስንቶቹ ይሞታሉ፣ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ምን ያህል ይቀዝፋሉ? ይኸን አውቆ ጀልባዋን እዚያ ማቆም ነው። እንዲህ የቀለለ ነገር እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተሠራ ገረመው።

ለምን እንዳልተሠራ የመጀመሪያዎቹን መንደሮች እንዳየ ገባው። ገበሬው የጠያቂ ዓይነት አይቶ ጨርሷል። ከብቱን የጠየቀው ግብር ይዞ ተመልሷል፣ እህሉን የጠየቀው ኮታ ይዞ ተመልሷል። ስለዚህ መልሱ ሁሉ “የለም” ሆነ። ኩበት እስከ ጣራ በተከመረበት ደጅ ላም የለም። የታመመ የለም፤ ታሟል ከተባለ ሽንት ቤት ቆፍሩ የሚል ይመጣል። ወንድ ልጅ የሚባል ደግሞ ከነጭራሹ አይወለድም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ በዚያ አገር ያሉ እናቶች በሙሉ ሴት ብቻ ወላጅ ሆነዋል። ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን ሲደምረው የጣና ዳር ሕዝብ የማይታመም፣ የማይሞት፣ ከብት የሌለው፣ በአብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት የሆነ ሕዝብ ወጣው።

በመጨረሻ የደረሰው ሸንበቆ ዳር ነበር። ከባሕር ዳር በምዕራቡ ዳርቻ በታንኳ ግማሽ ቀን ያስቀዝፋል። ሰዎቹ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ታንኳ የሚሠሩ እስላሞች ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አብዱልመጂድ ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰብስቦ ለሁሉም በአንድ አፍ ይመልስ ጀመር። ሁላችንም ደኅና ነን፣ አብዮቱ ይመስገን አለ። ሀብተ ሥላሴ ወጣቶቹስ አለው። አብዱልመጂድ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት ወጣት የለንም፣ እዚህ አገር ሰው ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚወለድ ብሎ መለሰ። ከጀርባው አራት ጎረምሶች መረብ ተሸክመው ያልፋሉ።

ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን አጥፎ ሊነሣ ሲል ከሴቶቹ መካከል አንዲት እናት ተነሡ። እትዬ ዘይቱና ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ኢስሀቅ ከሚባል ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ቃላቸው በመንደሩ የሚሰማ ሴት ናቸው።

“ጀልባዋ የምትሰጥ ለማን ነው?” ብለው ጠየቁት።

የሚወልዱ እናቶች ለበዙበት፣ የሚሞቱትም ለበዙበት፣ ከሐኪም ለራቀ መንደር ነው አላቸው።

“እኛ የለንም ካልን እንግዲህ ጀልባዋ ለማን ትመጣለች?” አሉና ወደ መንደሩ ሰው ዞሩ። “ልጄን ሙኒራን አምና ምጥ ሲይዛት በታንኳ ጭኜ ወደ ከተማ ወሰድኋት። ነፋስ ተነሣብን። ከሐይቁ መሐል ሳንወጣ እሷም የተሸከመችውም አለቁ። ያን ጊዜም ለጠየቀን ሁሉ ደኅና ነን እንል ነበር። እኔ ልናገር ነው፤ የፈራ ቤቱ ይግባ።”

ቤቱ የገባ የለም። እሳቸው ግን ከመናገራቸው በፊት ሀብተ ሥላሴን አንድ ነገር ጠየቁት፤ ወረቀቱ ከጀልባዋ በቀር ለሌላ ነገር እንደማይውል ቃልህን ስጠኝ አሉት። ሀብተ ሥላሴ ሰው ለጥናት የሚሰጠው መልስ ምስጢር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ ተፈትኖበትም ጥሩ ውጤት አግኝቷል። ስለዚህ ምንም ሳይጠራጠር ቃሉን ሰጠ።

መንደሩም ተናገረ። የወለደች፣ ልጅ የሞተባት፣ የታመመ፣ የሞተ፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ የጎረምሶቹ ቁጥር፣ ሁሉም ቤት ለቤት ወጣ። በዚያች አንዲት ትንሽ መንደር ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ አርባ አንድ ወንዶች ተገኙ። በቀሩት መንደሮች በሙሉ አንድም አልነበረም። ሀብተ ሥላሴ ሲመለስ ታንኳው ላይ ሆኖ ፈገግ ይል ነበር። በአውራጃው ውስጥ እውነተኛ ቁጥር የያዘ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ችግሩ የባሰበትም ቦታ ሸንበቆ ዳር መሆኑ አከራካሪ አልነበረም።

ጓድ አለበል ጥናቱን አንብቦ እጁን ጨበጠው። መረጃ ማለት እንዲህ ነው ብሎ በስብሰባ አመሰገነው፤ ከስሙም ጎን ፈረመበት። በሦስት ቅጂ እንዲተየብም አዘዘ።

የምትተይበው ፀሐይወርቅ ነበረች። ፀሐይወርቅ ከእያንዳንዱ አለቃ በፊት የአውራጃውን ጉዳይ በጣቶቿ የምታውቅ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነች። ሀብተ ሥላሴ የመጀመሪያው ቅጂ ለጤና፣ ሁለተኛው ለፋይል እንደሆነ ያውቃል። ሦስተኛው የማን ነው ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየው የውትድርና መልማይ ኮሚቴው ነው አለችው። ከዚያ የጽሕፈት መኪናዋን መምታቷን ቀጠለች።

ሀብተ ሥላሴ ጓድ አለበል ዘንድ ገባ። ቁጥሩ የተሰበሰበው ለሕክምና መሆኑን፣ ቃል መስጠቱን፣ ለሌላ ከዋለ ከእንግዲህ ማንም እውነት እንደማይነግራቸው አስረዳ። ጓድ አለበል በትዕግሥት ሰማው።

“ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ ውትድርናም እኮ የሕዝብ አገልግሎት ነው” አለው።

ከአንዲት መንደር ብቻ ለምን ይወሰዳል ብሎ ሲከራከር ደግሞ፣ የቀሩት መንደሮች ወጣት የለንም ብለው በገዛ አፋቸው ተናግረዋል፣ መንግሥት ሕዝቡን ያምናል አለው። የወረዳው ኮታ አርባ ነበር። አንድ ተራፊ መኖሩን ጓድ አለበል እንደ ቸርነት ቆጥሮ ነገረው።

ጀልባዋስ ሲለው ጀልባዋ ለጊዜው ሌላ ተልእኮ አላት ተባለ። አሥረኛው የአብዮት በዓል እየቀረበ ስለሆነ እንግዶች ይመጣሉ፤ እንግዶች ደግሞ ሐይቁንና ደሴቶቹን ማየት ይፈልጋሉ። አልጋው ወጥቶ ወንበር ገባላት፣ ቀይ መስቀሉ ዙሪያውን ቀለም ተጨምሮበት ቀይ ኮከብ ሆነ፣ የኪነት ቡድኑም በላይዋ ላይ ልምምድ ጀመረ። ታማሚ እንኳ ቢመጣ ከበሮው መሐል የሚጋደምበት ቦታ አልነበረም።

ሀብተ ሥላሴ ሁለት ቀን ምግብ አልበላለት አለው። ጀግና አልነበረም፤ ጀግና የመሆን ሐሳብም አልነበረውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳርቻ ወረደ፤ ኢስሀቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። አገኘው። ዓሣ እንደሚገዛ ሰው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ አንዱን ዓሣ እያገላበጠ፣ ሊወስዷችሁ ይመጣሉ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው አለው።

ኢስሀቅ ቀና ብሎ አየው።

“ምስጢር ነው ብለህ አልነበር?” አለው።

“ብዬ ነበር።”

ኢስሀቅ ያልተሸጠውን ዓሣ ለጎረቤቱ ትቶ መቅዘፊያውን አነሣ። ሀብተ ሥላሴ እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ወደ ግሽ አባይ ተመለሰ።

የሕክምናዋ ጀልባ በመጨረሻ ሸንበቆ ዳር ደረሰች፤ እንደተባለው ችግሩ የባሰበት ቦታ ሄደች። ከሷ የወረዱት ግን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አብዱልመጂድ በደስታ ተቀበላቸው፤ ወተት አቀረበላቸው። ወጣት ሲሉት ወጣት የለንም፣ ቀድሞም ብለን ነበር አላቸው። ቤት ለቤት ተፈለገ። ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን እንጂ ሌላ አልተገኘም። አርባ አንዱም ሐይቁን አቋርጠው ደልጊ ገብተው፣ በየዘመዱ ቤት ተበትነው ነበር። ደልጊ የሌላ ክፍለ ሀገር ነው። የዚያኛው ክፍለ ሀገር መልማይ የራሱ ስም ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ለሱ አልተወለደም።

አሁን ጣጣው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣ። ጓድ አለበል ሀብተ ሥላሴን ጠርቶ በሩን ዘጋና ነገሩን በዝግታ አስረዳው። አርባ አንድ ሰው ከጠፋ ያስጠፋ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ይፈለጋል፣ ከተገኘም የሚሆነው ይታወቃል። አርባ አንድ ሰው ከመጀመሪያውም ካልነበረ ግን የመደመር ስሕተት ነው። ጥናቱ ላይ የጓድ አለበልም ፊርማ አለበት። ስለዚህ ጓድ አለበል ራሱ ስሕተቱን እንደሚመርጥ ሀብተ ሥላሴ ከዓይኑ አነበበ። በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የተስማሙት ያን ቀን ነበር።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው ሐሙስ ሆነ። ሀብተ ሥላሴ ቆሞ፣ በሕይወቱ የሰበሰበው ብቸኛ ትክክለኛ ቁጥር ሐሰት መሆኑን ተናዘዘ።

“በንዑስ ከበርቴ ችኩልነት ተገፋፍቼ፣ ወጣት በሌለበት መንደር አርባ አንድ ወጣት ፈጥሬያለሁ” አለ።

ከየት አመጣሃቸው ተብሎ ተጠየቀ። ከሽማግሌዎቹ ዕድሜ ላይ እየቀነስኩ ነው አለ። ይህ መልስ ተሰብሳቢውን አጠገበ፤ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያደርግ ሁሉም ሲጠረጥር ኖሯል። ከዚያ አንድ አስተዋይ ጓድ እጁን አውጥቶ፣ ወጣት ወንድ ከሌለ እነዚህ ወልደዋል የተባሉት ሴቶች ከማን ነው የወለዱት ሲል ጠየቀ። ሀብተ ሥላሴ ጥቂት አሰበና፣ ጓዱ ትክክል ነው፣ እነሱም አልወለዱም አለ። ወሊዶቹ ተሰረዙ። የማይወልድ በወሊድ ሊሞት አይችልምና ሙኒራም ከሟቾቹ ተሰረዘች። ሀብተ ሥላሴ ያቺን ልጅ አይቷት አያውቅም፤ ሲጨበጨብለት ግን ዳግመኛ የገደላት እሱ መሰለው።

በተስተካከለው ጥናት መሠረት ሸንበቆ ዳር የሕክምና አገልግሎት አያስፈልገውም። ሀብተ ሥላሴም ሰው መቁጠር ተከለከለና በዓሣ ምርት መረጃ ላይ ተመደበ። ቅጣት ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ከየመንደሩ ዓሣ ትሰበስባለች፤ እሱም አብሮ እየሄደ ሦስቱን የዓሣ ዓይነቶች፣ ቆረሶውን ለብቻ፣ አምባዛውን ለብቻ፣ ነጭ ዓሣውን ለብቻ እያስመዘነ ይመዘግባል። ሥራውን እያደር ወደደው። ዓሣ አይዋሽም፤ ዓሣን ለምን ትቆጥረዋለህ የሚል ኮሚቴም የለም።

ሸንበቆ ዳር ሲደርሱ ግን ከጀልባዋ አይወርድም ነበር። እትዬ ዘይቱና ዳር ቆመው ያዩታል፤ ሰላምታ አይሰጡትም። ክረምቱ አልፎ የምልመላው ዙር ተዘግቶ ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ከደልጊ ሲመለሱ፣ አንድ ቀን እትዬ ዘይቱና ወደ ጀልባዋ ቀረብ አሉ።

“ውረድ እንጂ። ለኢስሀቅ የነገርኸው አንተ መሆንህን አውቃለሁ” አሉት።

ወርዶ አፈር አፈሩን እያየ ቆመ። እትዬ፣ ጀልባዋን አላመጣሁልዎትም አላቸው።

“መጥታለች እኮ፤ አየናት” አሉት። ፊታቸው ላይ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየውም። ቀጥለው የኢስሀቅ ሚስት ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ እሷንም በታንኳ ጭኖ መሐል ሐይቅ ላይ መድረስ እንደማይሆንላቸው ነገሩት። ምንም አልጠየቁትም። ነግረውት ብቻ ሄዱ።

ባሕር ዳር ወለተ ሩፋኤል የምትባል አዋላጅ ነበረች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ቁጣ የሚቀናት፣ እጇ ግን የተባረከ የሚባልላት። ሀብተ ሥላሴ ሄዶ ነገሩን ሁሉ አጫወታት። እሄዳለሁ፣ ግን በምን ስም አለችው። የተስተካከለው ጥናት ባለበት አዋላጅ ለሸንበቆ ዳር ጠይቆ የሚፈቅድለት የለም። በማግሥቱ ጓድ አለበል ዘንድ ገብቶ፣ በዓሣ ምርት ላይ የጥራት ቁጥጥር ስለሌለ ሪፖርታችን ከሌሎቹ አውራጃዎች ያንሳል፣ ከጤና አንዲት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ብትመደብልን አለው። ማነስ የሚባል ነገር ጓድ አለበልን እንቅልፍ ይነሣዋል። ወዲያው ፈረመ። ወለተ ሩፋኤልም በይፋ የዓሣ ጤንነት ተቆጣጣሪ ሆነች።

ዓሣን የሚመለከት ምንም አልሠራችም። በየመንደሩ ስትወርድ ሴቶቹ ይሰለፋሉ፤ ሆድ ትዳስሳለች፣ ትቆጣለች፣ ክኒን ታድላለች፣ አደገኛ የመሰላትን ከዓሣው ጋር ጭና ወደ ከተማ ትወስዳለች። እውነቱ በተነገረበት ጊዜ ወታደር የመጣበት መንደር፣ ውሸቱ ሲፈረም አዋላጅ መጣለት። ሀብተ ሥላሴ ይህን ነገር ከተማረው ጋር ለማስታረቅ ሞክሮ ስላልሆነለት ተወው።

የኢስሀቅ ሚስት ምጥ የያዛት ጥር ላይ፣ የዓሣዋ ጀልባ በምትመጣበት ቀን ሆነ። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢሆን ማንም አይደርስላትም ነበር። ወለተ ሩፋኤል ገብታ ረዥም ሰዓት ቆየች። ሀብተ ሥላሴና ኢስሀቅ ከደጅ ተቀምጠው ጠበቁ። ልጁ ሲያለቅስ ኢስሀቅ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ፊቱን ማሳየት አልፈለገም።

ወለተ ሩፋኤል ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ወጣችና ሚዛን አምጡ አለች። የነበረው የዓሣው ሚዛን ነው። ልጁ በነጠላው እንደተንጠለጠለ ሦስት ኪሎ ከሩብ መዘነ። ሀብተ ሥላሴ ከልማዱ የተነሣ ቅጹን አወጣ። ቅጹ በሸንበቆ ዳር ልደት የሚመዘገብበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ አምባዛ በሚለው ሥር ሊያስገባው ሆነ።

“ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?” አሉት እትዬ ዘይቱና።

አምባዛ አላቸው።

“የልጄን ልጅ ያን ጢማም ዓሣ?” አሉና ቅር አላቸው። “ነጭ ዓሣ በለው።”

ነጭ ዓሣ ብሎ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱትም ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ እዚያው ሥር ገቡ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ ጓድ አለበል በምልመላ ዘመቻው ወቅት ስሕተት የታየበት ሸንበቆ ዳር ዛሬ በነጭ ዓሣ አማካይ ክብደት ከአውራጃው አንደኛ መውጣቱን አበሠረ፤ የጥራት ቁጥጥሩ ፍሬ ነው አለ። ከቀዩ ቀስት ጎን ቁጥሩ ተጻፈ። ፀሐይወርቅ ቃለ ጉባኤውን እየያዘች አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየ ብርድ መስሎታል። ሀብተ ሥላሴም ከተሰብሳቢው ጋር አጨበጨበ፤ ከሁሉም ሰው የበለጠ ሳያጨበጭብ አልቀረም።